ደም ግፊት ሲያሳድድ አንጎል ውስጥ የገባው ሰውዬ፦ የኧርቪን ፔጅን ጽሑፎች ያነበበ አለ?

ዳሞት_ቡሬ
ሰላም የጎጃም ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ለሴሚናር ብዬ የአንድ ሰውዬ ጽሑፎች ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ፣ ብቻዬን ከምብሰለሰል ብዬ እዚህ አመጣሁት። ኧርቪን ፔጅ ይባላል፣ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ 1901 ተወልዶ 1991 የሞተ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው እንዳትደናገሩ)። የሚታወቀው በደም ግፊት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ ዛሬ ስለ ድብርት ስለ እንቅልፍ ስለ ስሜት ሲወራ ሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለው ሴሮቶኒን የሚባለው ነገር ተጣርቶ የወጣው በአንጎል ተመራማሪዎች አይደለም፣ ደም ግፊት ከየት እንደሚመጣ ሲፈልግ በነበረው በዚህ ሰውዬ ላብራቶሪ ነው፣ ያውም ወደውት ሳይሆን መንገድ ዘግቶባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔጅ ደም ውስጥ የደም ስርን የሚያጠብ ነገር ነበር የሚፈልገው፣ ስሩ ከጠበበ ግፊቱ ይጨምራላ። ችግሩ ደም ከሰውነት ወጥቶ ሲረጋ ፕላትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ነገሮች ራሳቸው ስር የሚያጠብ ነገር ይለቃሉ፣ ከማንም ደም ይወጣል፣ ግፊት ያለበትም የሌለበትም። ስለዚህ የምትፈልገውን በሽታ አምጪ ነገር እየለካህ ይሁን ይሄን እየለካህ አታውቅም። መጀመሪያ ይሄን ለይተን እናስወግደው ተባለ። ፔጅ 1945 ክሊቭላንድ ክሊኒክ ገባ፣ ሞሪስ ራፖርት የሚባል ወጣት ኬሚስት እና አርዳ ግሪን የምትባል ባዮኬሚስት አብረውት ሰሩ፣ ራፖርት ከቄራ የመጣ የከብት ደም በብዙ መቶ ሊትር እያጣራ እያጣራ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሚሊግራም ክሪስታል ያዘ። 1948 ታተመ፣ በዓመቱ ራፖርት የኬሚካሉን ቅርጽ ለየው። በቃ ሴሮቶኒን።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ፔጅ አንጎልን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከ1928 እስከ 1931 ሙኒክ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ምርምር ተቋም የአንጎል ኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሰርቷል፣ 1937 ላይም ስለ አንጎል ኬሚስትሪ መጽሐፍ አውጥቷል። ከዛ ግፊት ላይ ተጠመደ። አንጎልን ትቶ ሄደ ሲባል አንጎሉ ከኋላ ተከትሎት መጣ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ደጀን_በረሃ
እንዲህ ያለውን ስሰማ ያስቀኛል ወንድሜ። አያቴ ጨው እንደ ልቡ እየበላ አረቄውን እየጠጣ ጥርሱ እስኪረግፍ ኖሮ ነው የሞተው፣ መለኪያ የሚባል ነገር ክንዱን ነክቶት አያውቅም። ደም ብዛት ጭንቀት ነው በቃ። የነዳጅ ሰልፍ ላይ አድሬ ስነሳ ከማጅራቴ ይይዘኛል፣ ያን ሰአት የያዘኝ ፕላትሌት ነው ልትለኝ ነው? ፈረንጅ በኬሚካል ስም ካልጠራው ነገር አይዋጥለትም።

የቢቸና_መምህር
ዳሞት ደህና አድርገህ ጽፈሃል፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ፍርዱ ላይ ላስቸግርህ ነው። ጣልያኑን ቪቶሪዮ ኤርስፓመርን የት ጣልከው? እሱ በ1930ዎቹ ከአንጀት ሽፋን ሴሎች ይሄንኑ ነገር አግኝቶ የራሱን ስም ሰጥቶት ነበር፣ 1952 ላይ ነው ሁለቱ አንድ መሆናቸው የተረጋገጠው። ሰውነት ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው ያለው አንጀት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ጣልያኑ ዋናው ጎተራ ላይ ነበር የቆመው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ደሙን ያጣራው ራፖርት፣ አጠገቡ የነበረችው ግሪን፣ ዝናው የአለቃው። እኛ አገር ብቻ ያለ እንዳይመስልህ ለማለት ነው።

ዳሞት_ቡሬ
መምህር ኤርስፓመርን ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት፣ ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ 😄 ስለ ራፖርት ያሉት እውነት ነው፣ ሥራው የእጁ ነው፣ ቅርጹንም ያወጣው ብቻውን ነው። ግን ለፔጅ ትንሽ ልከራከርለት። ጥያቄው የሱ ነው። ኤርስፓመር አንጀትን ሲያይ አንጀት የሚያኮማትር ነገር አገኘ፣ ፔጅ ደም ስርን ሲያይ ደም ስር የሚያጠብ ነገር አገኘ፣ ሁለቱም አንጎል ውስጥ ይኖራል ብለው አልገመቱም። እዚህ ላይ ነው ቤቲ ትዋሮግ የምትመጣው፣ እኔ በግሌ የዚህ ታሪክ ጀግና እሷ ናት ባይ ነኝ።

ሀርቫርድ ትማር የነበረ ልጅ ናት፣ የምታጠናው ሁለት ቅርፊት ያለው የባህር እንስሳ ነው፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ቅርፊቱን አንዴ ከገጠመ ሰአታት ሙሉ አይከፍትም። ጡንቻው እንዲህ ተጨምድዶ ሲቆይ የሚያላቅቀው ምንድነው ብላ ስትፈልግ ሴሮቶኒን ሆኖ አገኘችው። ከነርቭ የሚለቀቅ መልእክተኛ ነው ማለት ነው። ታዲያ በዚህ እንስሳ ነርቭ ውስጥ ካለ በኛም ለምን አይኖርም አለች። ጽሑፏን 1952 ብትልክም የታተመው 1954 ነው፣ ማን ይሰማታል። ክሊቭላንድ ሄዳ ፔጅን ላብራቶሪ ስጠኝ አለችው። ሰውየው አላመናትም፣ የደም ነገር አንጎል ውስጥ ምን ይሰራል ብሎ ይጠራጠር ነበር፣ ግን ሰጣት። ውሻውንም አይጡንም ጥንቸሉንም አንጎል አየች፣ አለ! 1953 ትዋሮግና ፔጅ ብለው አሳተሙ። መምህር አለቃ ስሙን ያስገባል ላሉት፣ እዚህ ስሟ ፊት ነው ያለው። ያላመነበትን ሥራ በሩን ከፍቶ ያሠራ አለቃ ስንት አይታችኋል?

የቢቸና_መምህር
እሱን ይዘህልኝ ና። ተሸንፌያለሁ ባልልም ተቀብያለሁ።

ፋርማሲ_ፍኖተሰላም
እኔ የምለው ሁላችሁም ሴሮቶኒኑን ያዛችሁ፣ የፔጅ ትልቁ ነገር ግን እኔ በየቀኑ መደርደሪያዬ ላይ የማየው ነው። ኢናላፕሪል የምትባለውን የግፊት ኪኒን የምትወስድ እናት ወይ አክስት የሌለው እጁን ያውጣ! ያች ኪኒን የመጣችው ከዚህ ሰውዬ ሥራ ነው። 1934 ሃሪ ጎልድብላት የሚባል ሰው የውሻን የኩላሊት ደም ስር በመቆንጠጫ አጥብቦ ግፊቷን ከፍ አደረገ። 1939 ፔጅ ደግሞ ኩላሊቱን በሴሎፎን ጠቅልሎ፣ አዎ ያ ከረሜላ የሚጠቀለልበት ዓይነት፣ ያው ግፊት ወጣ። ኩላሊት ሲጨነቅ የሆነ ነገር ደም ውስጥ ይጥላል ማለት ነው። 1940 ፔጅና ሄልመር ያንን ነገር አገኙ፣ በዛው ሰሞን አርጀንቲና ቦነስ አይረስ ብራውን ሜኔንዴዝና ጓደኞቹም አገኙት፣ እነዚህ አንድ ስም እነዚያ ሌላ ስም ይዘው ወደ ሃያ ዓመት ሲከራከሩ ቆይተው 1958 ላይ ሁለቱን ስም ግማሽ ግማሽ አጋጥመው አንጂዮቴንሲን አሉት። ሽምግልና ማለት ነው።

ኢናላፕሪል የምታደርገው አንጂዮቴንሲን እንዳይሰራ መቁረጥ ነው። የዚህ ቤተሰብ መጀመሪያ የሆነችው ካፕቶፕሪል 1981 ነው አሜሪካ የተፈቀደችው፣ እሷም የመጣችው የብራዚል እባብ መርዝ ላይ ከተሰራ ጥናት ነው። እና በነገራችን ላይ ኪኒኗ ደረቅ ሳል ታመጣለች፣ ሰው ጉንፋን ነው እያለ ወር ሙሉ ዝንጅብል ይጠጣል። ሳል ከጀመራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ይቀየርላችኋል፣ አታቋርጡ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አትወስዳትም፣ ጽንሱን ትጎዳለች።

ደጀን_በረሃ
ሴሎፎን?? ኩላሊት በሴሎፎን? ምን ዓይነት ጊዜ የተረፈው ሰው ነው እናንተ

ፋርማሲ_ፍኖተሰላም
ሃሃሃ ጊዜ ስለተረፈው ነው እናትህ መድኃኒት ያገኙት አያ

አዴት_ልጅ
ይቅርታ ወሬያችሁን ላቋርጥ ነው ግን ርዕሱን ሳይ አላስቻለኝም። አባቴ ግፊት ነበረበት፣ ከአንድ ጤና ተቋም መድኃኒት ይወስድ ነበር፣ ሁለቴ ሶስቴ ሄዶ የለም ተባለ፣ ከዛ ዐቢይ ጾም ገባና እኔ ደህና ነኝ ምንም አያመኝም ጾሜን በኪኒን አላፈርስም ብሎ ተወው። ሰኔ ላይ እርሻ ውሎ መጥቶ እጁን እያጠበ ወደቀ፣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። አሁን በዱላ ይሄዳል ተመስገን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እግሩ አይደለም። ሰውየው ተቀየረ። እንዴት ያለ ቀልደኛ ነበረ መሰላችሁ፣ ገበያ ሲውል ሰው ይከበው ነበር፣ አሁን ትንሽ ነገር ስትነግረው ያለቅሳል፣ የከብቶቹን ስም ይረሳል፣ ቤተክርስቲያን ደርሶ ሲመለስ መንገዱ ይጠፋዋል። ጎረቤት አንዳንዱ ጥላ ወጊ ነው ይላል አንዱ ሌላ ይላል። ግፊት እንዲህ አእምሮ ውስጥ ይገባል ወይ? ወይስ ሌላ በሽታ ነው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ዳንግላ_ሐኪም
አይዞህ ወንድሜ። አባትህን ሳላይ ይሄ ነው ልልህ አልችልም፣ ግን የምትጠይቀው ነገር መልስ ያለው ነው፣ እና አዎ ግፊት አእምሮ ውስጥ ይገባል።

አንጎል ውስጥ ጠልቀው የሚገቡ ክር የሚያህሉ ቀጫጭን ስሮች አሉ፣ ከትልቁ ስር በቀጥታ ነው የሚገነጠሉት። ሌላ ቦታ ስር ቀስ በቀስ እየተከፋፈለ ግፊቱ እየበረደ ይሄዳል፣ እነዚህ ግን ያ ፋታ የላቸውም። የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ይገባዋል፣ የዋናውን ቦይ ውሃ በመሃል ሳትከፋፍል በቀጥታ ሽንኩርት መደብ ላይ ብትለቀው ማለት ነው። ግፊቱ ለዓመታት ሲቆይ የስሩ ግድግዳ ይወፍራል ይደነድናል፣ ወይ ይደፈናል ወይ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ወይ ትልቅ ቦታ ሲደፈን ሰው ይወድቃል፣ ስትሮክ የምንለው ነው። ትንሽ ትንሹ ሲደፈን ግን ሰውየው አይወድቅም፣ ማንም አያውቅም፣ በየቦታው ጥቃቅን ጠባሳ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ያኔ ነው ማሰብ የሚዘገየው፣ መንገድ የሚጠፋው፣ ጠባይ የሚቀየረው። ማልቀሱን በተመለከተ ከስትሮክ በኋላ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ድብርት ነው፣ በጣም ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ ይታከማል። ሌላው ደግሞ ሳያዝን እንባው የሚመጣበት ሰው አለ፣ አንጎሉ ስሜትን የሚገታበት መስመር ተነክቶ ነው፣ እሱም መድኃኒት አለው። ለሁለቱም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፍሉዎክሰቲን ነው፣ እሱ ደግሞ የሚሰራው በምን ላይ መሰላችሁ፣ ዳሞት በከፈተው በሴሮቶኒን ላይ። ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ስትወስደው የእግሩን ብቻ አትንገር፣ ማልቀሱንና መርሳቱን ንገር። ሰው አፍሮ ይደብቀዋል፣ እኛም ሰልፉ በዝቶብን አንጠይቅም።

አዴት_ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ማልቀሱ መድኃኒት አለው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም እስካሁን። አሁን ግፊቱ ከወረደ ይመለሳል ወይ አእምሮው?

ዳንግላ_ሐኪም
የጠፋው ሁሉ ይመለሳል አልልህም። የቀረው እንዳይሄድ ግን ማድረግ ይቻላል፣ ይሄ የኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። ስፕሪንት የሚባል ትልቅ ጥናት አሜሪካ ተደርጎ ነበር፣ ዕድሜያቸው 50ና ከዛ በላይ የሆኑ 9361 ሰዎች፣ ግማሹ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር ከ140 በታች ግማሹ ከ120 በታች እንዲሆን ታከመ። 2019 ላይ የአእምሮው ውጤት ወጣ፣ ከ120 በታች የተደረጉት ላይ ቀላል የማስታወስና የማሰብ ችግር በ19 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሙሉ የመርሳት በሽታውም ቀንሶ ታየ ግን ጥናቱ ቀድሞ ስለቆመ በቁጥር ማረጋገጥ አልተቻለም። ስትሮክ ያገኛቸውና ስኳር ያለባቸው እዚህ ጥናት ውስጥ አልገቡም፣ ስለዚህ ለአባትህ 120 ድረስ ይውረድ ብለህ ሐኪሙን እንዳትወጥር፣ የሱን ልክ እሱ ያውጣለት። ሽማግሌ ሰው ቶሎ ካወረድከው ሲነሳ ዞሮት ይወድቃል።

ዳሞት_ቡሬ
ዶክተር ጥሩ መጣህ። በዛ ጊዜ የነበሩ ሐኪሞች እኮ ግፊትን ማውረድ ራሱ ነውር ነበር የሚመስላቸው፣ የደነደነው ስር ውስጥ ደሙ እንዲያልፍ ሰውነቱ ራሱ ነው ከፍ ያደረገው፣ ካወረድከው ኩላሊትና አንጎል ይራባሉ ይሉ ነበር። ፔጅ ይሄን ነው ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር የኖረው፣ ግፊት የዕድሜ ጠባይ አይደለም፣ በሽታ ነው፣ ይታከማል እያለ።

የቢቸና_መምህር
ሩዝቬልትን አንርሳ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ የዓለም ሐኪም ሁሉ በእጁ፣ 1945 ሚያዝያ ላይ ራሴን ከኋላ አመመኝ ብሎ ወደቀ፣ ሐኪሙ ሲለካው 300 በ190። በዛው ቀን ሞተ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ። ከዛ በፊት ለዓመታት እየጨመረ ሲሄድ ያዩት ነበር፣ የሚሰጡት ነገር ግን ይህ ነው የሚባል አልነበራቸውም። ዛሬ የአዴት ገበሬ የሚያገኛትን ኪኒን ያኔ የዓለም ጌታ አላገኛትም። አገኛት ስል እንግዲህ ካለች ነው፣ ልጁ የለም ተባልን ብሎናል።

ደጀን_በረሃ
አዴት ወንድሜ አባትህን እግዜር ይማርልህ ከልቤ ነው። እኔ ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም፣ ጭንቀት ነው ወይስ ጨው ነው ወይስ ኩላሊት ነው? አንዱን ንገሩኝና ልገላገል። ሁሉም ሐኪም የተለያየ ነው የሚለኝ።

ዳሞት_ቡሬ
አያ ይሄ ጥያቄህ ራሱ የፔጅ ጽሑፍ ነው፣ 1949። አንድ መንስኤ አትፈልጉ አለ። ስምንት ማዕዘን ያለው ሥዕል ሳለ፣ በየማዕዘኑ አንድ አንድ ነገር፣ ኬሚካሉ፣ ነርቩ፣ የስሩ መለጠጥ፣ የስሩ ስፋት፣ የደሙ መጠን፣ የደሙ ውፍረት፣ የልብ አሠራር… ሁሉም በመስመር እርስ በርስ የተያያዙ። አንዱን ስትነካው ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ሞዛይክ ብሎ ነው የጠራው። ለምሳሌ ያንተ ጭንቀት በነርቭ በኩል ይገባል፣ ነርቩ ኩላሊቱን ያዘዋል፣ ኩላሊቱ ጨው ይይዛል፣ ጨው የደሙን መጠን ይጨምራል፣ ስሩም ሲቆይ ይደነድናል። ታዲያ የቱ ነው መንስኤው? አያትህም ጨው ችሎ የኖረው ሌሎቹ ማዕዘኖች ስለያዙለት ይሆናል፣ ያንተ ላይይዙልህ ይችላሉ።

እኔን ደስ የሚለኝ ይሄን ያለው ማን ነው የሚለው ነው። አንጂዮቴንሲንን ያገኘው ሰው! ቢፈልግ ግፊት ማለት አንጂዮቴንሲን ነው በቃ ብሎ ስሙን ሊተክልበት ይችል ነበር። ሴሮቶኒንንም እንደዛው፣ ግፊትን የሚያስረዳ መስሎት ዓመታት ለፍቶበት የብዙውን ሰው ግፊት እንደማያስረዳ ሲያይ ተወው። ሴሮቶኒን ላይ ትልቁ ሥራ የተሠራው ከዛ በኋላ በሌሎች ሰዎች ነው።

ደጀን_በረሃ
ስለዚህ ጭንቀትም አለበት። እሱን ነው ያልኩት እኮ መጀመሪያም

እታለም_ሞጣ
አንተ ሹፌር መሆንህን ነው የምትነግረን አይደል? በረሃውን በሌሊት ስትወርድ ስትወጣ ጫት ትቅማለህ ወይ? ጫት ራሱ ግፊት ያወጣል፣ ልብ ያስሮጣል። ጭንቀት ጭንቀት ከማለትህ በፊት እሱን ንገረን 😂

ደጀን_በረሃ
እትዬ ለእንቅልፍ ብቻ ነው… አልፎ አልፎ… ኧረ ተዉኝ እናንተ

ፋርማሲ_ፍኖተሰላም
ነርቭ ካነሳችሁ አንድ ልጨምር። ሬዘርፒን የሚባል መድኃኒት ነበር፣ ከህንድ ተክል ስር የሚወጣ፣ ህንዶች ለዘመናት ለእንቅልፍ ለእብደት ይጠቀሙበት ነበር፣ 1949 ቫኪል የሚባል የቦምቤይ ሐኪም ለግፊት ይሰራል ብሎ ጻፈ፣ 1952 ፍሬ ነገሩ ተለየ፣ 1950ዎቹ ውስጥ አሜሪካ ሁሉ ወሰደው። ግፊቱን አወረደ፣ ግን አንዳንዱ በሽተኛ ደበተው፣ ከሰው ተለየ፣ ዝም አለ። 1955 ብሮዲ የሚባል ተመራማሪ ቡድን ጥንቸል ላይ ሲያይ ለካ መድኃኒቱ የአንጎልን ሴሮቶኒን ያራግፈዋል። ቀጥሎ ካርልሰን የሚባል ስዊድናዊ ዶፓሚን የሚባለውን ሌላ የአንጎል መልእክተኛም እንደሚያራግፍ አሳየ፣ በሬዘርፒን የፈዘዙ ጥንቸሎችን ሰውነት ውስጥ ዶፓሚን የሚሆነውን ኤል ዶፓ ሰጥቶ አነቃቸው፣ የፓርኪንሰን ሕክምና ከዛ መጣ፣ 2000 ላይ ኖቤል ተሸለመ። ይሄ ሁሉ ከግፊት ኪኒን ነው እንግዲህ። ፔጅና ትዋሮግ ሴሮቶኒን አንጎል ውስጥ አለ ባይሉ ኖሮ 1955 ላይ ማን ይለካው ነበር?

ግን በዚህ ተነስታችሁ ድብርት ማለት የሴሮቶኒን ማነስ ነው እንዳትሉ፣ ነገሩ እንደዛ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። እዚህም አንድ መንስኤ ፍለጋው አላዋጣም።

እታለም_ሞጣ
እኔ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ፣ ሳይንሱን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ቤት ለቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው ሲያመው ነው መድኃኒት የሚወስደው። ግፊት ደግሞ አያምም! እዚህ ላይ ነው የምንጣላው። ለክቼ 170 በ100 ነው እማማ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ስላቸው እኔ ወፍጮ ቤት ደርሼ መጣሁ ምን ሆንኩ ይሉኛል። የሄዱትም ሁለት ወር ወስደው ሲቀንስ ዳንኩ ብለው ይተዉታል፣ የቀነሰው ስለወሰዱ ነው ስል አይገባም። ጠበል የገባው ደግሞ ኪኒኑን ጥሎ ይገባል፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ ጠበሉን አልቃወምም፣ ኪኒኑን ይዘው ይግቡ ነው የምለው፣ ቄሱም እኔ ካናገርኳቸው በኋላ ውሰዱ እያሉ ነው ስማቸውን ይባርከው።

የጾሙን ነገር ደግሞ፣ የአዴቱ ልጅ አባት እንዳሉት ብዙ ሰው በጾም ያቆማል። ብዙዎቹ ኪኒኖች እኮ በቀን አንዴ ናቸው፣ ከጾም መፍቻ በኋላ ማታ መውሰድ ይቻላል፣ ብቻ ሰዓቱን ስትቀይሩ ኪኒኑን ያዘዘላችሁን ባለሙያ ጠይቁ። የሚያሸና ኪኒን ከሆነ ማታ ሲወሰድ ሌሊቱን ያመላልሳል፣ እሱን በተለይ ጠይቁ።

ዳንግላ_ሐኪም
እታለም ያንቺ ነገር ወረቀት ላይ ወጥቷል እኮ። 2025 የቻይና ገጠር ጥናት ታተመ፣ 326 መንደር፣ ወደ 34 ሺህ ሰው፣ ሁሉም 40 ዓመትና ከዛ በላይ የሆናቸው፣ ግፊት ያለባቸው። በግማሹ መንደር የመንደር ጤና ሠራተኞች፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ፣ ግፊቱን ከ130 በ80 በታች ለማድረግ መድኃኒት እየሰጡ እየለኩ እየተከታተሉ፣ ለየሰዉም የቤት መለኪያ ተሰጥቶ አራት ዓመት ቆዩ። በነሱ መንደር የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ ቀነሰ። ስፕሪንት ላይ በቁጥር ያልተረጋገጠው እዚህ ተረጋገጠ ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ያሰብኩት ጎጃምን ነው፣ ከመንደር መንደር የሚሄድ ሰው እኛም አለን፣ መንገዱንም ቤቱንም ያውቃሉ። የጎደለው መድኃኒት የመጀመርና የመቀጠል ሥልጣንና ኪኒኑ ሳይቋረጥ መምጣቱ ነው።

እታለም_ሞጣ
የመለኪያ ባትሪም ጨምርበት ዶክተር 😅 ከኪሴ ገዝቼ ነው የምሄደው። እና ለየሰዉ መለኪያ ሰጡ ነው ያልከኝ? ቻይና እንግዲህ ራሷ ነው የምትሠራው።

የቢቸና_መምህር
አንድ የማልስማማበት አለኝ። የመንደር ሠራተኛ መድኃኒት ይስጥ ስትሉ ቻይናዎቹ በሐኪም ቁጥጥር ነው ያሠሩት፣ መመሪያ በእጃቸው ነበር፣ መድኃኒቱም በነጻ ወይም በቅናሽ። ያንን ሁሉ ትታችሁ ሥራውን ብቻ እታለም ላይ ብትጭኑባት አንድ ሸክም ጨመራችሁባት እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም።

ዳንግላ_ሐኪም
እሱ ላይ ልክ ነዎት መምህር፣ አልከራከርዎትም።

ደጀን_በረሃ
እሺ አንድ ጥያቄ ብቻ። ልለካ ብሄድ እንኳ ከመኪና ወርጄ በዛው ስገባ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ አንዴ 150 ምናምን አለኝ፣ ሌላ ቀን ሌላ ይለኛል። የትኛውን ልመን?

እታለም_ሞጣ
ሁለቱንም አትመን። ቡና ሳትጠጣ፣ ሲጋራም ሳታጨስ፣ ያንን ቅጠልም ሳትነካ ሂድ፣ ሽንትህን ሽና፣ አምስት ደቂቃ ወንበር ተደግፈህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እግር አታነባብር፣ ጃኬቱን አውልቅ፣ በጃኬት ላይ አይለካም። ሲለኩህ ደግሞ ስለ ነዳጅ አታውራ። ሁለቴ ተለካና በሌላ ቀን ድገመው፣ ቁጥሮቹን ጽፈህ ያዝ። በተለያየ ቀን 140 በ90ና ከዛ በላይ ከመጣ ያኔ ጭንቀት ነው እያልክ አታምልጠኝ።

ደጀን_በረሃ
ስለ ነዳጅ አታውራ ካልሽ እንግዲህ አፌን ዘግቼ ልገባ ነው

አዴት_ልጅ
አባቴን ሰኞ ባህርዳር ልወስደው ነው፣ ማልቀሱንና መርሳቱን በወረቀት ጽፌያለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ፔጅ የሚባለው ሰውዬ ራሱ ግፊት ነበረበት ወይ?

ዳሞት_ቡሬ
ስለ ግፊቱ ያነበብኩት የለም፣ ግን 1967 ላይ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) መትቶት ነበር፣ ያውም የአሜሪካን ልብ ማኅበር ፕሬዚዳንት ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ። ተርፎ እስከ 90 ዓመቱ ገደማ ኖረ። መንገድ ጥሩ ይሁንላችሁ ወንድሜ፣ ምን እንዳሏችሁ መጥተህ ጻፍልን።

መምህር፣ የትዋሮግንና የፔጅን የ1953 ጽሑፍ አግኝቼዋለሁ፣ አጭር ነው፣ ለተማሪዎችዎ ይሆናል። በቴሌግራም ልላክልዎ?

የቢቸና_መምህር
ላክልኝ። ኔትወርክ ሲኖር አወርደዋለሁ።